የዶርዜ ዜማና የመዘምራኑ ኪቦርድ

ስለ መዝሙር ቅንብር የሚነገረው የተለመደ ታሪክ እንዲህ ነው፤ ኢትዮጵያ የአንድ ድምፅ ዜማ አገር ናት። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዘመን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የደረሰውን ዜማ ካህናቱ ሁሉ በአንድ መስመር ያዜሙታል፤ አዝማሪውም በማሲንቆው የሚከተለው የራሱኑ ድምፅ ነው። ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖርና ባስ እያሉ ድምፅ መከፋፈል የመጣው ከሚሲዮናውያን፣ ከፒያኖና በኋላም ከኪቦርድ ጋር ነው ይባላል። ይህ ታሪክ ለሰሜኑና ለመሃል አገሩ በአብዛኛው ያስኬዳል። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ የወጣ ሰው ጨንጫ ሲደርስ ግን ታሪኩን ትቶት ይሄዳል። በጋሞ ደጋ፣ በተለይም በዶርዜ፣ ሰዎች ያለ መሣሪያና ያለ ኖታ፣ ፊታቸው ቆሞ እጁን የሚያወዛውዝ መሪም ሳይኖር፣ እስከ አምስት የሚደርሱ የተለያዩ ድምፆችን በአንድ ጊዜ እያስኬዱ ሲዘፍኑ ኖረዋል። ስለዚህ የጋሞ መዝሙር የድምፅ ቅንብርን ከውጭ መበደር አያስፈልገውም፤ የራሱ አለው። አርባ ምንጭ ላይ ለመዘምራን ዜማ የሚያቀናብር ሰው ሥራውን መጀመር ያለበትም ከዚያው ከደጋው ነው። ይህን ማለት ቀላል ነው፤ ማስረዳቱ ግን ጥቂት መንገድ ያስኬዳል፤ የሚነሱት ተቃውሞዎችም በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም።

በመጀመሪያ አገሩን እንይ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ አባያና ጫሞ ሐይቆችን ቁልቁል እያየች የተቆረቆረች ሞቃት ከተማ ናት፤ ሙዙና አዞው፣ የነጭ ሳር ፓርክም የሚነሱት ከእሷ ስም ጋር ነው። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫነቱን የተረከበችው ከጨንጫ ነው። ጨንጫ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ብርድና ጉም፣ ቀርከሃ፣ እንሰትና ገብስ ያለበት አገር ነው። ጋሞዎች በቋንቋቸው «ደሬ» የሚሏቸው አርባ ያህል አካባቢዎች አሏቸው፤ ዶርዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ደሬው የራሱ ሸንጎ መቀመጫ ዱቡሻ አለው፤ በማዕረግ የሚሾሙ ሀላቃዎችም አሉት፤ የአካባቢው ነገር የሚቆረጠው ሽማግሌዎች በዱቡሻ ተቀምጠው እየተነጋገሩ ነው። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለበቀል የተነሱ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው በአርባ ምንጭ ጎዳና ላይ ተንበርክከው ሲመልሱ አገር ሁሉ ያየው ይህንኑ ሥርዓት ነው። ዘፈኑም የሚኖረው በዚሁ ኑሮ ውስጥ ነው፤ በሥራ ላይ፣ በለቅሶ፣ በሹመት፣ ይልቁንም በመስቀል። ከአዲስ አበባዎቹ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ የዶርዜው ሸማኔ ሥራውን ሰብስቦ በመስከረም ወደ አገሩ የሚገባው ለዮ ማስቃላ፣ ለጋሞ የመስቀል በዓል ነው። ዓመቱን በየከተማው ተበትነው የከረሙ ድምፆች በዚያ ሰሞን አንድ አደባባይ ላይ ይገናኛሉ።

ሲዘፈን የሚሆነውን በቃላት ማስረዳት ቢያስቸግርም መሞከር ይቻላል። አንዱ ግጥሙን ያነሳል። ሁለተኛው እስኪጨርስለት አይጠብቅም፤ ሐረጉ መሃል ላይ ገብቶ የራሱን መስመር ይይዛል። ከሥር ሌሎች አጭር ሐረግ እየደጋገሙ ዜማውን መሬት ያስይዙታል። ከላይ ቀጠን ያለ ድምፅ ይነሳል፤ ሌላው ደግሞ የሰማውን ትንሽ ዘግየት ብሎ ይመልሰዋል። ግጥም የሚሸከመው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ የተቀሩት ትርጉም የማይጠየቅባቸውን፣ ለአፍና ለጆሮ የሚመቹ ድምፆችን ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ አድማጩ አንድ ዜማ ከአጃቢዎቹ ጋር አይደለም የሚሰማው፤ እኩል የሚፈላለጉ በርካታ መስመሮችን ነው። ሰሜነኛው ጆሮ መጀመሪያ ላይ የሚደነጋገረው እዚህ ላይ ነው፤ ዋናው ዜማ የትኛው እንደሆነ ይፈልጋል፤ ጥያቄው ግን ለዚህ ዘፈን የሚሆን ጥያቄ አይደለም። ይህ ሁሉ ተደራርቦ ለምን እንደማይጋጭ ደግሞ ከመሰላሉ ይታወቃል። የአውሮፓው መሰላል ሰባት ድምፅ ሲኖረው በሁለት ቦታ ግማሽ እርከን አለበት፤ ሁለት ጎረቤት ድምፆች በግማሽ እርከን ርቀት በአንድ ጊዜ ሲሰሙ ጆሮ ይጎረብጣል። እንደ ዶርዜው ግማሽ እርከን የሌለበት ባለ አምስት ድምፅ መሰላል ላይ ግን የትኛውም ድምፅ ከየትኛው ጋር ቢገናኝ ያን ያህል አይጋጭም። ዘፋኞቹ አስቀድሞ የታቀደ የአኮርድ ቅደም ተከተል ሳያስፈልጋቸው በየፊናቸው ሊሄዱ የሚችሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ማስረጃው የአፍ ወሬ ብቻ አይደለም። በለንደን የሆርኒማን ሙዚየም የሙዚቃ መሣሪያዎች ኃላፊ የነበረችው ጂን ጄንኪንስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያን እየዞረች ስትቀርጽ የደቡብ ምዕራብ ሕዝቦችን ሙዚቃም ይዛ ወጥታለች። በዋናነት የሚጠቀሰው ግን ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ ነው። እሱ በዶርዜ የቀረጸው የብዙ ድምፅ ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1977 በፓሪሱ የሰው ሙዚየምና በፈረንሳይ የሳይንስ ምርምር ማዕከል ስብስብ ውስጥ በሸክላ ታተመ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ወደ ጠፈር ባመጠቀቻት ቮያጀር መንኮራኩር ላይ የምድርን ድምፅ እንዲያሰማ በተጫነው የወርቅ ሸክላ ውስጥ የጆርጂያ ሕዝብ የሦስት ድምፅ ዘፈን ተካቶ ነበር። የጆርጂያው ዜማ በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001፣ የመካከለኛው አፍሪካ የአካ ሕዝብ ዜማ ደግሞ በ2003 የሰው ልጅ ድንቅ ቅርስ ተብለው ታወጁ። የኢትዮጵያ መስቀል በዓል እ.ኤ.አ. በ2013 ተመዝግቧል፤ በዚያ በዓል ላይ በጋሞ የሚሰማው የብዙ ድምፅ ዘፈን ግን በራሱ ስም አልተመዘገበም። ሸክላው ከወጣ አርባ ምናምን ዓመት ሆኖታል። ፓሪስ ላይ የታወቀ ሙዚቃ አዲስ አበባ ላይ ዛሬም ለባህል ምሽት መድረክ ማድመቂያ ከመሆን ብዙም አላለፈም፤ ይህ ያሳዝናል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ይህ ቅንብር አይደለም፤ ሰው ተሰብስቦ እንደፈለገው ሲጮህ የሚሰማ መደራረብ ነው» የሚል ነው። በእርግጥ ሁለቱ ይለያያሉ። በሠርግም ሆነ በዝክር ብዙ ሰው አንድ ዜማ ሲያወጣ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ጌጥ ይጨምራል፤ ያ አንድ ዜማ ሲሰነጣጠቅ ነው እንጂ ብዙ ዜማ አይደለም። ልዩነቱን ማወቂያ ዘዴ ግን አለ። በመካከለኛው አፍሪካ የሠራው የሙዚቃ ተመራማሪ ሲምሃ አሮም የተቀረጸውን ዘፈን ለአንድ ዘፋኝ በጆሮ ማዳመጫ እያሰማ የእሱን ድርሻ ብቻ ለብቻ ይቀርጻል፤ ቀጥሎ ያንን ለሁለተኛው ያሰማል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ድምፅ ይሄዳል። ድርሻው በትክክል ያለ ከሆነ ዘፋኙ ብቻውን ሲቆም ያወጣዋል፤ የዘፈቀደ ጩኸት ከሆነ ግን የሚያወጣው ነገር አይኖርም። ጥያቄው ለጋሞም ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ የሚገባበት ቦታ፣ የሚመለስበት ሐረግና የሚያርፍበት ድምፅ አለው ወይ? በዶርዜ ቅጂዎች ላይ የሥሩ ድምፅ ሐረጉን ሳይለውጥ ዙር በዙር ሲመለስ፣ የሚደርበው ድምፅ በየዙሩ በዚያው ቦታ ሲገባ ይሰማል። ዙሩ ሲደገም መዋቅሩ ከተደገመ ሕግ አለ ማለት ነው። ሕጉ በወረቀት አለመስፈሩ ሕግነቱን አያስቀርም፤ የያሬድ ዜማም ምልክት የተበጀለት ለብዙ ዘመናት በቃል ሲተላለፍ ከኖረ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፤ «ምናልባት ይህ የሚሲዮን ትምህርት ውጤት ቢሆንስ?» ይላል። ሚሲዮናውያን ወደ ደቡብ የዘለቁት በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ሎርታ-ዣኮብ ማይክሮፎኑን ይዞ እስኪመጣ ሃምሳ ዓመት ገደማ አለ፤ በሃምሳ ዓመት ዜማ ሊሰርጽ ይችላል። ነገር ግን የአራት ድምፅ መዝሙርና የዶርዜ ዘፈን አሠራራቸው ፈጽሞ ይለያያል። በአራቱ ድምፅ መዝሙር ሁሉም ያንኑ ቃል በዚያው ቅጽበት ይላሉ፤ ሶፕራኖ አንድ ቃል ሲል ባሱም ያንኑ ይላል፤ ድምፆቹ አብረው ይረግጣሉ፣ አብረው ያርፋሉ። በዶርዜ ግን የመግቢያ ጊዜያቸው፣ ቃላቸውና ርዝመታቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው መሃል መንገድ ላይ ነው። ተማሪ ከመምህሩ የተማረውን ሊያበላሽ ይችላል፤ ተበላሽቶ ግን ሌላ የረቀቀ ሥርዓት አይሆንም። ጎረቤቶቹም ይመሰክራሉ። ከጋሞ በስተምዕራብ ያሉት አሪዎች የብዙ ድምፅ ዜማቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በፈረንሳይ በሲዲ ታትሟል። ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ በጊዶሌ ደራሼዎች «ፊላ» የሚሉትን የቀርከሃ ዋሽንት በቡድን ይነፋሉ፤ አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚፈጠረው ሁሉም በየተራቸው በትክክለኛው ቅጽበት ሲነፉ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም የኢትዮጵያ ደቡብ ለዘመናዊ ሙዚቃ ያለውን ዋጋ ሲያስረዳ ዘወትር የሚያነሳው እነዚህኑ ደራሼዎችና ዋሽንታቸውን ነው። ድምፅን ከፋፍሎ በኅብረት መሥራት በዚህ አካባቢ በአፍም በመሣሪያም፣ በተለያዩ ቋንቋዎችም የሚገኝ ከሆነ፣ ምንጩ አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው ማለት አያስኬድም።

ለምን እዚህ በቀለ? ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው ተወዳጅ መልስ ዶርዜ ሸማኔ ስለሆነ ድምፅንም እንደ ድርና ማግ ያጠላልፋል የሚል ነው። ያምራል፤ ግን አልቀበለውም። ሸማኔ በዕቃው ላይ ብቻውን ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ነው፤ ይህ ዘፈን ደግሞ ያለ ጉባኤ አይዘፈንም። የአሜሪካዊው አላን ሎማክስ ሐሳብ የተሻለ ክብደት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት የብዙ ድምፅ ዜማ ወንዶችና ሴቶች በሥራ ተደጋግፈው በሚኖሩበት ማኅበረሰብ ውስጥ በብዛት እንደሚገኝ ተከራክሯል። ሴቱ ፈትሎ ወንዱ በሚሸምንበት በጋሞ ይህ የሚገጥም ይመስላል። ሆኖም ከዚህ ተነስቶ ዜማውን የእኩልነት ምስክር ማድረግ ይከብዳል፤ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች በዚያው ማኅበረሰብ መሬትና ጋብቻ ተከልክለው፣ ተገልለው ኖረዋል። የብዙ ድምፅ ዘፈን ያለው ሕዝብ ሁሉ ፍትሐዊ ነው ብሎ ማመን ሕዝቡን ከነሙሉ ታሪኩ አለማየት ነው። ከዚህ ይልቅ በተጨባጭ የሚታየውን መያዝ ይሻላል፤ የጋሞ ሥራም ሸንጎም በዓልም ብዙ ሰው ሥርዓት ጠብቆ የሚሳተፍበት ነው፤ በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ከልጅነቱ የራሱን ድርሻ ከሌላው ድምፅ መካከል ለይቶ መያዝን ይለምዳል። ይህ ልምድ የተራዘመ ሥልጠና ነው፤ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ዓመታት የሚፈጅ ነው።

አሁን ወደ መዝሙሩ እንምጣ። በጋሞ ደጋ የኦርቶዶክስ ክርስትና ቆይታ ረጅም ነው፤ የብርብር ማርያም ስም በአገሩ ሁሉ ይነሳል፤ በዚያ የሚቆመው ማሕሌት ከሌላው አገር የተለየ አይደለም። የሕዝብ መዝሙር በአካባቢው ቋንቋና ዜማ መበርከት የጀመረው ግን ከወንጌላውያኑ እንቅስቃሴ ጋር ነው፤ ታሪኩም ብዙዎች እንደሚያስቡት የነጭ ሚሲዮናውያን ታሪክ ብቻ አይደለም። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ሚሲዮናውያኑ እ.ኤ.አ. በ1937 ከወላይታ ለቀው ወጡ፤ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ 10,000 ገደማ ምእመንና ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ አብያተ ክርስቲያናት ቆዩአቸው። በእነዚያ ዓመታት ፒያኖ የለም፤ የታተመ የመዝሙር መጽሐፍ የለም፤ የአራት ድምፅ አስተማሪም የለም። ምእመኑ የዘመረው በሚያውቀው አዘማመር ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ጉባኤው ይቀበላል። ከወላይታ የተነሱ ወንጌላውያን በእግራቸው ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ ተራሮች ሲወጡ ይዘው የሄዱት ይህንኑ ያለ መሣሪያ የሚዘመር የአውጪና የተቀባይ መዝሙር ነው። እዚህ ላይ የደቡቡ የሕዝብ መዝሙር መነሻው አገር በቀል መሆኑ በግልጽ ይታያል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ በፍጥነት ያደገችው የውጭ ድምፅ ሳይኖር በራሷ ድምፅ ስትዘምር ነው።

ለውጡ የመጣው በኋላ፣ ከከተማ ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የወጣት መዘምራን ቡድኖች በአኮርዲዮን፣ በጊታርና በኦርጋን ታጅበው በአማርኛ መዘመር ጀመሩ። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ መዝሙር በካሴት ተሰራጨ። ለእምነታቸው ሰባት ዓመት የታሰሩት ተስፋዬ ጋቢሶ የዘመሯቸውን መዝሙሮች በዚያ ዘመን ያላወቀ ወንጌላዊ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። የእነዚያ መዝሙሮች ዋጋ በቀላሉ የሚገመት አይደለም፤ የተሰደደ ሕዝብ የተጽናናባቸው ናቸው። ነገር ግን ካሴት የሚያስተምረው የአንድን ሰው ድምፅ ነው። ከደጋ መንደር ያለ ወጣት ካሴቱን እየሰማ ሲያጠና የሚይዘው የዘማሪውን መስመር ነው፤ መደረብን፣ ዘግይቶ መግባትን፣ ከሥር መያዝን ከካሴት አይማርም። ቀጥሎ ኪቦርድ መጣ፤ የሚመታው ምት አስቀድሞ የተሞላ ነው፤ አኮርዱም በሦስት ጣት ይያዛል። ዛሬ በጋምኛ የሚዘመር መዝሙር ሳይቀር ብዙ ጊዜ የሚሰማው እንዲህ ነው፤ ቃሉ የጋሞ፣ ዜማው አንድ መስመር፣ የተቀረው የማሽን።

ጉዳቱን በሙያ ቋንቋ ማየት ይቻላል። ዘመናዊው አቀናባሪ የሕዝቡን ዜማ ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ ከአውጪው ድምፅ ላይ ይቆርጠውና ለሶፕራኖ ይሰጠዋል። ከሥሩ የአውሮፓን ሦስት ዋና አኮርዶች ይደረድራል። እነዚህ አኮርዶች በአምስቱ ድምፅ መሰላል ውስጥ የሌሉትን አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ ይዘው ይገባሉ፤ ሰባተኛው በተፈጥሮው ወደ ስምንተኛው ለመውጣት የሚቸኩል ድምፅ ስለሆነ ዜማውን ወደማያውቀው ማረፊያ ይገፋዋል። አውጪው ሳይጨርስ ተቀባዩ የሚገባበት መደራረብ «ስህተት» ተብሎ ይታረማል፤ ሁለቱ እንዳይነካኩ በመሃላቸው ባዶ ቦታ ይበጃል። ትርጉም የሌላቸው ድምፆች ደግሞ «መልእክት የላቸውም» ተብለው ይጣላሉ፤ እነሱ ሲጣሉ ዜማው የቆመበት መሬት አብሮ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ቀጭን ዜማ ነው፤ አድማጩም «የባህል ዜማ ለኳየር አይመችም» ብሎ ይደመድማል። አይመችም የተባለው ግን ዜማው ሳይሆን ከተገፈፈ በኋላ የቀረው ነው።

የውጭውም ታሪክ ቢሆን እንደሚመስለን አይደለም። «አሜዚንግ ግሬስ» የተባለውን መዝሙር ብዙ ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል። ቃሉን እንግሊዛዊው ቄስ ጆን ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1779 አሳተመው፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ዜማ ግን ኒውተን አልደረሰውም። ቃሉ ከዚያ የአሜሪካ ገጠር ዜማ ጋር ተጣምሮ የታተመው በ1835 ዊልያም ዎከር ባዘጋጀው የመዝሙር መጽሐፍ ነው። ያ መጽሐፍ ለሦስት ድምፅ የተቀናበረ ነበር፤ ዜማው የተቀመጠውም ላይኛው ድምፅ ላይ ሳይሆን መሃል፣ ቴኖሩ ዘንድ ነው፤ በዙሪያው ያሉትም ድምፆች የየራሳቸው አካሄድ ነበራቸው። ሙያተኞች ይህን «ያልሠለጠነ» እያሉ ለማረም ብዙ ደክመዋል፤ የገጠሩ ጉባኤ ግን አለቀቀውም፤ እስከ ዛሬም በዚያው ስልት የሚዘምሩ አሉ። በጆርጂያ ደግሞ የሦስት ድምፁ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ከሕዝቡ ዘፈን ጋር ዘመድ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የኦፔራ ዘፋኝ የነበረው ፊሊሞን ኮሪዜ የኦፔራ መድረኩን ትቶ የሽማግሌ ዘማሪዎችን ዜማ በሺህ በሚቆጠር ኖታ ባያሰፍር ኖሮ ከሶቪየት ዘመን በኋላ የተነሱት መዘምራን የሚይዙት ባላገኙ ነበር። የአራት ድምፅ አሠራር ከብዙዎቹ አንዱ ነው እንጂ የሁሉም መለኪያ ሆኖ አያውቅም።

በእምነት በኩል የሚነሳው ተቃውሞ ግን ከሙያ ክርክር ይለያል፤ በአክብሮት መሰማትም አለበት። ወንጌልን የተቀበሉ የጋሞ ቤተሰቦች ከመሥዋዕቱና ከቀድሞው ሥርዓት የወጡት ብዙ ዋጋ ከፍለው ነው፤ የዚያን ሥርዓት ዜማ በቤተ ክርስቲያን መስማት ለአንዳንዱ አሮጌ ቁስል መንካት ነው። አንድ የተወሰነ ዘፈን ከአንድ የተወሰነ ሥርዓት ጋር የተጣበቀ ከሆነ ለዚያ ጉባኤ አይሆንም፤ ማስገደድም አይገባም። ሆኖም ዘፈንና የዘፈን አሠራር ሁለት ነገሮች ናቸው። መደራረብ፣ ዘግይቶ መግባት፣ ከሥር ሐረግ መያዝ የማንም አምልኮ ንብረት አይደለም፤ በሥራም በሐዘንም በደስታም የሚውል የድምፅ ችሎታ ነው። ጋምኛ ራሱ ከወንጌል በፊት የቀድሞው ሥርዓት መነጋገሪያ ነበር፤ ስለዚህ ለስብከት አይሁን ያለ የለም። ሎርታ-ዣኮብ ከዶርዜ በኋላ ወደ ጣሊያኗ ሰርዲኒያ ተሻግሮ በካስተልሳርዶ ከተማ ያለውን የምእመናን ማኅበር አጥንቷል፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቷል። እነዚያ ተራ ሰዎች በሕማማት ሳምንት የሚዘምሩት በአራት ወንድ ድምፅ በሆነ አገር በቀል አዘማመር ነው፤ ከማኅበሩ ውጭ ያለ ኳየር አልተተካባቸውም። ተጠጋግተው ቆመው አራቱ ድምፆች በትክክል ሲገጥሙ ማንም ያላወጣው አምስተኛ ድምፅ ከላይ ይሰማል፤ ይህም የድምፆቹ ውስጣዊ ንዝረት ሲደራረብ የሚፈጠር እንጂ ተአምር አይደለም፤ እነሱ ግን የሴት ድምፅ ይሉታል፤ ለማርያምም ይሰጡታል።

አርባ ምንጭ የብዙ ብሔረሰብ ከተማ ናት፣ ጋሞው፣ ወላይታው፣ ጎፋው፣ ዘይሴው፣ አማራውና ጉራጌው አብረው የሚያመልኩባት ስለሆነች የዶርዜን ስልት ለሁሉም መዘምራን ማድረግ አይቻልም የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ለሁሉም ይሁን ያለ የለም። ግን ስልቱ ከቋንቋው ጋር የግድ አይታሰርም። በአማርኛ ግጥም ላይ የሚደርብ ድምፅ፣ ከሥር የሚመለስ ሐረግ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ትርጉም የማይጠየቅባቸው ድምፆች ደግሞ የማንም ቋንቋ አይደሉም፤ ለማንኛውም ዘማሪ ይቀላሉ። እንዲያውም ኖታ ማንበብ የማይችል ጉባኤ ሶፕራኖና አልቶ ከሚያጠናበት ጊዜ ባነሰ ጊዜ አጭር የሚደጋገም ድርሻ ሊይዝ ይችላል። ለብዙ ሰው ተሳትፎ ይህ ስልት ከአራት ድምፁ ይልቅ በሩ ሰፊ ነው።

አቀናባሪው ከወዴት ይጀምር? ከዜማው ሳይሆን ከድርሻዎቹ። የጋሞ አዛውንት ዘፋኞችን ሰብስቦ አንዱን ዘፈን ሙሉውን መቅረጽ፣ ቀጥሎ በአሮም ዘዴ እያንዳንዱን ድርሻ ለብቻው መቅረጽ፤ ይህ ዛሬ አንድ ስልክና ሁለት የጆሮ ማዳመጫ የሚበቃው ሥራ ነው። ከዚያ ግጥሙ ይለወጣል፤ መግቢያው፣ መደረቢያውና የሥሩ ሐረግ ግን በቦታቸው ይቀመጣሉ። አውጪው መሃል ይቁም፤ ዜማው ለላይኛው ድምፅ አይሰጥ። መሠረቱን የሥሩ ድምፆች ይያዙት፤ ኪቦርዱ ካስፈለገ በመጨረሻ ይግባ፣ እሱም ከአምስቱ ድምፅ ሳይወጣ። ማይክሮፎን ለእያንዳንዱ ዘማሪ ከመስጠት ይልቅ ተጠጋግተው እንዲቆሙ ማድረግ ይሻላል፤ ይህ አዘማመር የሚጠበቀው አንዱ ሌላውን በመስማት ነው፤ በስፒከር ተመልሶ የሚመጣ ድምፅ ደግሞ መግቢያውን ያዘገያል። የተቀረጸው ፓሪስ ያለው ቅጂም ወደ አገሩ መመለስ አለበት። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተመሠረተው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሎርታ-ዣኮብን ቅጂ ከሰው ሙዚየም ጠይቆ በቤተ መጻሕፍቱ ማስቀመጥ፣ ለጨንጫና ለዶርዜ ትምህርት ቤቶችና መዘምራን ማዳረስ ከአቅሙ በላይ አይደለም። በዚያ ሸክላ ላይ የተሰሙት ዘፋኞች በወቅቱ ጎልማሶች ከነበሩ ዛሬ አዛውንት ናቸው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በመዘምራን ቡድን ውስጥ አሉ፤ የአያታቸውን ድርሻ ከአያታቸው ከራሱ ለመማር የቀረው ጊዜ ግን ጥቂት ነው።